የጠርሙሱ ምስክሮች፦ ከዲዦን እስከ ቦን

ከዲዦን ከተማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ በመውረድ ቦን የሚደርሰው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይረዝማል፤ ሆኖም በዓለም የጨረታ አዳራሾች ከፍተኛ ዋጋ ከሚያወጡት ቀይ ወይኖች ብዙዎቹ የሚበቅሉት ከዚሁ መንገድ በስተቀኝ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ባዞረው ዝቅተኛ ተረተር ላይ ነው። ቡርጎኝ በሚባለው የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር የሚገኘው ይህ ተረተር ኮት ዶር በሚለው ስም ይታወቃል። አካባቢው ገደልና ፏፏቴ፣ ሰማይ ጠቀስ ተራራም ስለሌለው፣ የሚታየውም ከወገብ በማያልፍ ቁመት ተከርክመው በረድፍ የቆሙ የወይን ተክሎች፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካቡ አጥሮችና በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ብቅ የሚሉ ትንንሽ መንደሮች ብቻ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ያልተነገረው መንገደኛ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ምን እንዳለፈ ሳያውቅ ያልፈዋል።

የተረተሩ ሀብት ያለው ከአፈሩ ሥር ነው። የኖራ ድንጋይና ኖራ የበዛበት ሸክላ አፈር እየተፈራረቁ የተነባበሩበት በመሆኑ፣ ከአናቱ ላይ አፈሩ ስስ፣ ከግርጌው ደግሞ ውሃ የሚያቁር ወፍራም ስለሆነ፣ ምርጡ ፍሬ የሚለቀመው ከወገቡ ነው፤ በዚያ ወገብ ላይ እንኳ ሃያ እርምጃ ሲኬድ የድንጋዩ ዓይነት፣ የውሃው አወራረድና የፀሐዩ አቅጣጫ ይለወጣል። የአገሩ ሰዎች ይህን ልዩነት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያጤኑ ኖረው እያንዳንዱን ቁራሽ መሬት በስሙና በድንበሩ ለይተውታል፤ እንዲህ የተለየውን ማሳም ክሊማ ይሉታል። ዩኔስኮ በ2015 በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው ክሊማዎች ቁጥር 1,247 ነው። (በዚህ ማስታወሻ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማሳዎቹ በሕግ ደረጃ የወጣላቸው ሲሆን፣ ከአውራጃው ሁሉ ከሚሰበሰበው ተራ ወይን ጀምሮ በመንደር ስም የሚጠራው፣ ቀጥሎ ፕሪምየ ክሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ግራን ክሩ የተባለው ይገኛል። ቀዩ ወይን የሚጠመቀው ፒኖ ኗር ከተባለ አንድ የወይን ዘር ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ የቡርጎኝ መስፍን ደፋሩ ፊልጶስ በ1395 ጋሜ የተባለውን ብዙ የሚያፈራ ዘር ከግዛቱ እንዲነቀል ያዘዘበት ዐዋጅ ለዚህ ምርጫ ጥንታዊው ምስክር ነው።

ወይን ለምን ይቆያል የሚለውን ሳይረዱ የጨረታውን ነገር መረዳት አይቻልም። በዓለም ላይ የሚጠመቀው ወይን አብዛኛው በተጠመቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቢጠጣ ይሻለዋል፤ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በባቱ ተክሎ ለኢትዮጵያ ገበያ ያቀረበው ወይንም በአብዛኛው ሳይቆይ የሚጠጣ ነው፤ ጠጅም ቢሆን ደርሶ ሲጣራ ለበዓሉ ይቀርባል እንጂ ለልጅ ልጅ ተብሎ አይቀመጥም። የኮት ዶር ምርጥ ማሳዎች ቀይ ወይን ግን በወጣትነቱ የተቆለፈ ነው። ከፍሬው ልጣጭና ከዘሩ የሚወጣውና ታኒን የሚባለው ንጥረ ነገር፣ ብዙ የፈላ ሻይ ምላስን እንደሚያደርቀው ሁሉ አፍን ይይዛል። ጠርሙሱ በቀዝቃዛና እርጥበት ባለው የምድር ቤት ውስጥ በጎኑ ተጋድሞ ዓመታት ሲያልፉ ታኒኑና ቀለሙ እርስ በርስ እየተያያዙ ይከብዱና ከግርጌ ይዘቅጣሉ፤ ሐምራዊ የነበረው መልክ ወደ ጡብ ቀለም ያዘነብላል፤ ትኩስ ፍሬ ፍሬ ይል የነበረው ሽታ የደረቀ ቅጠል፣ የእንጉዳይና ዝናብ የነካው አፈር ሽታ ይሆናል። በጠላና በጠጅ የለመደው አንባቢ ከጠርሙሱ ግርጌ ያለውን ዝቃጭ አተላ ብሎ ቢጠራው አልተሳሳተም፤ ልዩነቱ ይህ አተላ ጊዜ በቀስታ የሠራው መሆኑ ነው። ይህ ለውጥ ወይኑን ከፍ የሚያደርግበት ዘመን አለ፤ ከዚያ ካለፈ ደግሞ ያወርደዋል፤ ወይኑ የትኛው ላይ እንዳለ ጠርሙሱ ሳይከፈት በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው የለም።

በጨረታ የቆየ ወይን መግዛትን ከሌላው ንግድ ሁሉ የሚለየውም ይኸው ነው። በግ የሚገዛ ሰው ላቱን ዳብሶ፣ እህል የሚገዛም ፍሬውን ዘግኖ አይቶ ይገዛል፤ የወይን ተጫራች ግን ቡሹ ከተነቀለ የሚገዛው ነገር ስለሚጠፋ ሊቀምስ አይችልም። ስለዚህ የሚከፍለው ለምስክር ነው፦ ወይኑን ማን ጠመቀው፣ መቼ ታሸገ፣ በማን እጅ አለፈ፣ በምን ዓይነት ጓዳ ተቀመጠ። አማርኛ ወይኑ የሚሳብበትን ተክልና የትውልድን አወራረድ በአንድ ቃል ሐረግ ማለቱ ለዚህ ጉዳይ የተበጀ ይመስላል፤ የቆየ ወይን ዋጋ የሚቆመው በሁለቱም ሐረጎች ላይ ነውና።

ከዲዦን የወጣ መንገደኛ ቀድሞ የሚደርስባት ዝነኛ መንደር ዠቭሬ ሻምበርታን ናት። ቀድሞ ዠቭሬ ብቻ ትባል የነበረችው ይህች መንደር በ1847 የምርጥ ማሳዋን የሻምበርታንን ስም በስሟ ላይ ቀጥላለች፤ ጎረቤቶቿም በየተራ ይህንኑ አድርገዋል። ገዢ ሊጠነቀቅበት የሚገባው የመጀመሪያው ነገር እዚህ ላይ አለ፤ በጠርሙሱ መለያ ወረቀት ላይ ሻምበርታን ብቻ ከተጻፈ ወይኑ ከታላቁ ማሳ የመጣ ሲሆን፣ ዠቭሬ ሻምበርታን ከተጻፈ ግን ከመንደሪቱ መሬቶች ሁሉ ሊሆን ይችላል፤ የዋጋው ልዩነት ደግሞ የሰማይና የምድር ነው።

ቀጥላ ያለችው ሞሬ ሳን ደኒ ከጎረቤቶቿ ይልቅ ዝምተኛ መንደር ብትሆንም፣ በወይን ጨረታ ታሪክ ትልቁ የማጭበርበር ወንጀል የተጋለጠው ከዚህች መንደር በተነሣ አንድ የወይን ገበሬ ጥያቄ ነው። በሚያዝያ 2008 ኒውዮርክ ውስጥ ለጨረታ በቀረበ የወይን ዝርዝር ላይ፣ በዚህች መንደር ነዋሪ የሆነው የፖንሶ ቤተሰብ የጠመቃቸው ናቸው የተባሉ ክሎ ሳን ደኒ ከተሰኘው ማሳ የተገኙ ጠርሙሶች ተካትተው ነበር፤ የምርት ዘመናቸውም ከ1945 እስከ 1971 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሆነ ተጽፏል። የቤተሰቡ ኃላፊ የነበረው ሎራን ፖንሶ ግን ቤተሰቡ ከዚያ ማሳ ወይን መጥመቅ የጀመረው በ1982 መሆኑን ያውቃል። ያልተጠመቀ ወይን ሊያረጅ ስለማይችል፣ ፖንሶ ጠርሙሶቹ ከጨረታው እንዲወጡ ጠይቆ፣ በዚያም ሳይወሰን ባሕር ተሻግሮ በአዳራሹ ተገኘ፤ ጠርሙሶቹም ከሽያጩ ወጡ። ሻጩ ሩዲ ኩርኒያዋን የሚባል፣ በሰብሳቢዎች ዘንድ በምላሱ ረቂቅነትና በገንዘቡ ለጋስነት የተወደደ ወጣት ነበር። በመጋቢት 2012 የአሜሪካ ፌዴራል መርማሪዎች በካሊፎርኒያ የሚገኘውን ቤቱን ሲፈትሹ የታተሙ መለያ ወረቀቶች፣ አሮጌ ቡሾች፣ ማኅተሞችና የትኛው ርካሽ ወይን ከየትኛው ጋር ቢደባለቅ የታላቁን ጣዕም እንደሚመስል የሚያሳዩ ማስታወሻዎች ተገኙ። በታኅሣሥ 2013 ጥፋተኛ ተብሎ በሚቀጥለው ዓመት የአሥር ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ይህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሀብታሞች እንዴት እንደተሞኙ ለማሳየት ነው፤ እንዲህ ብቻ መመልከት ግን ዋናውን ጉዳት መሳት ይሆናል። አባትና አያት በዝናብና በውርጭ የለፉበትን ስም፣ በአንድ ማእድ ቤት ውስጥ የተለጠፈ ወረቀት ሲሸጠው የሚበደለው የመጀመሪያው ሰው ገበሬው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እውነተኛውን ጠርሙስ ይዞ ከእንግዲህ የሚያምነው ያጣ ሐቀኛ ሻጭ ነው። ፖንሶ ያቀረበው ማስረጃ ከቅምሻም ሆነ ከቤተ ሙከራ የመጣ እንዳልነበረም ማስተዋል ያሻል፤ ማስረጃው ቤተሰቡ ስለራሱ ሥራ የሚያውቀው አንድ ዓመተ ምሕረት ነበር።

ከሞሬ ጥቂት ዝቅ ብሎ ክሎ ደ ቩዦ ይገኛል። በ1098 የተመሠረተው የሲቶ ገዳም መነኮሳት በካብ አጥረው ያለሙት ይህ ማሳ ሃምሳ ሄክታር ያህል ስፋት አለው። መነኮሳቱ ወይኑን አስቀድመው ለቅዳሴ፣ ከዚያም ለእንግዳና ለገበያ ይጠምቁት ነበር፤ በቤተ ልሔም ውስጥ ዲያቆን ዘቢብ ዘፍዝፎ ሲጨምቅ ያየ ኢትዮጵያዊ፣ ወይንና መሠዊያ በዚህም አገር እንዴት አብረው እንደኖሩ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከ1789ኙ አብዮት በኋላ የገዳሙ መሬት ተወርሶ ተሸጠ፤ ልጆች እኩል እንዲወርሱ የሚያዘው ሕግም ተጨምሮበት ማሳው እንደ ርስት መሬት እየተሸነሸነ ዛሬ ሰማንያ ለሚሆኑ ባለቤቶች ተከፋፍሏል፤ አንዳንዱ ያለው ጥቂት ረድፍ ተክል ብቻ ነው። ካቡ አንድ፣ ስሙ አንድ፣ ደረጃው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ላዩ መሬት የታችኛውን አይመስልም፤ ትጉው ገበሬም ሰነፉን አይመስልም። የጨረታ ዝርዝር የሚያነብ ሰው ከማሳው ስም ይልቅ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የጠማቂውን ስም ቀድሞ የሚፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ቮን ሮማኔ ከደረሱ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አልፎ በሚወጣው ጠባብ መንገድ ጥቂት ደቂቃ ሲጓዙ አንድ ዝቅተኛ ካብ ላይ የቆመ የድንጋይ መስቀል ይታያል፤ ከበስተኋላው ያለው 1.8 ሄክታር መሬት ሮማኔ ኮንቲ ነው። ስሙን ያገኘው በ1760 ከገዛው ከኮንቲ ልዑል ነው። ጠባቂም ሆነ ከፍ ያለ አጥር የለውም፤ ጎብኚዎች መንገዱን ይዘው እንዲቆሙና ወደ ተክሉ እንዳይገቡ በትሕትና የሚለምን ጽሑፍ ብቻ ተለጥፏል። አፈሩ በትራክተር ክብደት እንዳይጠቀጠቅ በፈረስ ይታረሳል። ሰው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ይህን ያህል ትንሽ መሬት ያን ያህል ትልቅ ስም መሸከሙ ያስደነግጣልና።

በ19ኛው መቶ ዓመት ፊሎክሴራ የተባለ፣ ሥር የሚመጥ ነፍሳት ከአሜሪካ መጥቶ የአውሮፓን ወይን ሲያጠፋ፣ ገበሬዎች ነፍሳቱን የሚቋቋም የአሜሪካ ሥር ላይ የራሳቸውን ዘር በማዳቀል ከጥፋት ድነዋል። የሮማኔ ኮንቲ ባለቤቶች ግን የቀድሞውን ተክል በራሱ ሥር እንደቆመ በብዙ ልፋት አቆዩት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለነፍሳቱ መከላከያ የሚሆነው መድኃኒትም፣ የሚሠራውም ጉልበት ጠፋ፤ የ1945 ለቀማ 600 ያህል ጠርሙስ ብቻ ከሰጠ በኋላ አሮጌው ተክል ተነቀለ፤ አዲስ ተተክሎ ቀጣዩ ወይን የተገኘውም ከ1952 ለቀማ ነው። ከእነዚያ 600 አንዱ በጥቅምት 2018 ኒውዮርክ ውስጥ በሶዝቢ ጨረታ ቀርቦ፣ ከ32,000 ዶላር አይበልጥም ተብሎ ተገምቶ ሳለ 558,000 ዶላር አወጣ። በተጫራቾቹ ዘንድ ትልቁን ሚዛን የደፋው ጠርሙሱ የመጣበት ቦታ ነው፤ በቦን ከተማ የታወቀ የወይን ነጋዴ ከሆነው ከሮቤር ድሩዋን የግል ጓዳ በቀጥታ ወጥቶ የቀረበ ነበር። ጦርነቱ ባበቃበት ዓመት የተለቀመው ፍሬ፣ ከበቀለበት ማሳ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ርቆ፣ በአንድ ቤት ሥር ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሳይነካ መቆየቱ ገዢውን አሳምኖታል።

እንዲህ ያለ ቀጥተኛ ታሪክ የሌለው ጠርሙስ ግን በዝርዝር ይመረመራል። ከጨረታው በፊት መርማሪው ጠርሙሱን ቀና አድርጎ ከአንገቱ በስተጀርባ ብርሃን ያበራል፤ በወይኑና በቡሹ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ በሴንቲ ሜትር ይለካል። ቡሽ ስለሚተነፍስ በሃምሳ ዓመት ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር መጉደሉ የሚጠበቅ ነው፤ ብዙ ከጎደለ አየር ገብቶ ወይኑ ኮምጥጦ እንደሆነ ያስፈራል፤ ያለምክንያት ሞልቶ ከተገኘ ደግሞ ዕድሜው እውነት ስለመሆኑ ጥርጣሬ ያስነሣል። የአንገቱ መሸፈኛ በጥቂቱ ተገልጦ በቡሹ ጎን ላይ በእሳት የታተመው ዓመትና የማሳው ስም ከወረቀቱ ጋር ይስማማ እንደሆነ በመስተዋቱ በኩል ይታያል። ወረቀቱ በአልትራ ቫዮሌት ብርሃን ሲመረመር ፈክቶ ካበራ፣ ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በኋላ በተለመደ ማንጪያ ኬሚካል የተሠራ በመሆኑ በ1920ዎቹ ታተመ ሊባል አይችልም። ከሁሉ የሚገርመው የሲዚየም 137 ምርመራ ነው፤ ይህ ንጥረ ነገር በምድር ላይ የተሰራጨው በ1945 ከተጀመረው የአቶሚክ ቦምብ ፍንዳታ ወዲህ ስለሆነ፣ ጠርሙሱ ሳይከፈት የሚወጣው ጨረር ተለክቶ ወይኑ ከዚያ በፊት ወይም በኋላ የተለቀመ መሆኑ ይታወቃል። የሰው ልጅ በሰማይ ላይ የሠራው ግፍ በወይን ጠርሙስ ውስጥ የዘመን ምልክት ሆኖ መቅረቱ ልብን ያከብዳል።

ተጫራች አሸንፎ መዶሻው ከወደቀ በኋላ የሚከፍለው የመዶሻውን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የጨረታ ድርጅቱ በአብዛኛው ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚደርስ ክፍያ ይጨምርበታል፤ የማጓጓዣ፣ የመድንና የቀረጥ ወጪም ይከተላል። ሆንግ ኮንግ በ2008 የወይን ቀረጥን ማንሳቷ ከተማይቱን በአጭር ጊዜ ውስጥ ከታላላቆቹ የወይን ጨረታ ማዕከላት አንዷ አድርጓታል። ከዚያ ወዲህ በአንድ ጓዳ ለአርባ ዓመት ይቀመጥ የነበረው ሣጥን ከአህጉር አህጉር እየዞረ በየሦስት ዓመቱ መሸጡ ተለምዷል። ወይኑን እንደ አክሲዮን የሚያዩት ሰዎች ማንንም አልበደሉም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ለመጠጣት የተሠራ፣ በየጉዞው በሙቀትና በመናወጥ የሚጎዳ ነገር መቼም ሳይከፈት ከእጅ ወደ እጅ እንዲዞር መፈረዱ እውነተኛ ኪሳራ ነው። የሚመሰገነው ሰብሳቢ የገዛበትን ደረሰኝ አስቀምጦ፣ ጓዳውን ከ12 እስከ 13 ዲግሪ ሙቀት ጠብቆ፣ ከሣጥኑ ጥቂቱን ከወዳጆቹ ጋር ጠጥቶ የቀረውን ለቀጣዩ ትውልድ ንጹሕ ምስክር አድርጎ የሚያስተላልፈው ነው።

መንገዱ ቦን ላይ ሲደርስ ጨረታው መልኩን ይለውጣል። የቡርጎኝ መስፍን ደጉ ፊልጶስ የሾመው ቻንስለር (ዋና ሹም) ኒኮላ ሮላንና ባለቤቱ ጊጎን ደ ሳላን፣ ጦርነትና ረኀብ ያራቆተውን ሕዝብ ለመርዳት በ1443 ለድኾች ሕሙማን የመሠረቱት ሆስፒታል በከተማዋ መካከል ቆሟል። ሆቴል ድየ ይባላል፤ የእግዚአብሔር ቤት ማለት ነው። ጣራው በቀይ፣ በቢጫ፣ በአረንጓዴና በቡናማ ሸክላ የተሸለመ ሲሆን፣ በረጅሙ የድኾች አዳራሽ ግራና ቀኝ ቀይ መጋረጃ የለበሱ አልጋዎች ተደርድረዋል፤ ሕመምተኛው ከተኛበት ሆኖ ቅዳሴውን እንዲከታተል ከአዳራሹ ጫፍ ቤተ ጸሎት ተሠርቷል። ሮዢየ ቫን ደር ዌይደን የሣለው የመጨረሻው ፍርድ ሥዕልም እዚያው ይገኛል፤ በመካከሉ ሊቀ መልአኩ ሚካኤል ሚዛን ይዞ ቆሟል። ሆስፒታሉ በዚህ ሕንፃ እስከ 1971 ሲሠራ ኖሮ ወደ ዘመናዊ ሕንፃ ተዛውሯል።

ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ምእመናን ለነፍሳቸው ሲሉ የወይን ማሳቸውን ለሆስፒታሉ ይሰጡ ስለነበር፣ ዛሬ ተቋሙ 60 ሄክታር ያህል የወይን መሬት አለው። ከ1859 ጀምሮም ወይኑ በይፋ ጨረታ ይሸጣል፤ ቀኑ የኅዳር ወር ሦስተኛ እሑድ ነው። የሚሸጠው ግን የቆየ ወይን አይደለም፤ ከተለቀመ ሁለት ወር ያህል የሆነው፣ ገና ያልተረጋጋ፣ 228 ሊትር በሚይዝ የኦክ በርሜል ውስጥ ያለ ጥሬ ወይን ነው። ቀማሹ ከበርሜሉ በረጅም የመስተዋት ቱቦ የተቀዳለትን ጉንጩ ውስጥ አንከባልሎ ይተፋዋል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን ከዚያ ሻካራ ጉንጭ ተነሥቶ ይገምታል። በ2022 ጨረታ ከ800 በላይ በርሜሎች ተሽጠው የተገኘው ገቢ ከ28 ሚሊዮን ዩሮ አልፏል፤ ለበጎ አድራጎት ብቻ የተለየው፣ ኮርቶን የተባለ ወይን የያዘ አንድ በርሜል ደግሞ ለብቻው 810,000 ዩሮ አውጥቷል። ገንዘቡ ሕሙማን የሚታከሙበት ነው። ለቆየ ጠርሙስ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ሲወጣ ግር የሚለው ሰው፣ ይህን ሲሰማ መንፈሱ ይረጋጋል፤ የምስክርነቱ ሐረግ እዚህ ከሥሩ ሲጀምር ይታያልና።

በጥንቱ ሥርዓት የጨረታው ማብቂያ በመዶሻ ሳይሆን በሻማ ነበር፤ ትንንሽ ሻማዎች በተራ ይለኮሳሉ፣ የመጨረሻው ነበልባል እስኪጠፋ ድረስ ዋጋ መጨመር ይቻላል፣ ጢሱ ሲታይ ከዚያ ቀድሞ የተጠራው ዋጋ ይጸናል። ይህ ልማድ የበጎ አድራጎቱ በርሜል ሲሸጥ ይታወሳል፤ አዳራሹ ዝም ይላል፣ ዓይን ሁሉ በነበልባሉ ላይ ይተከላል፣ አጫራቹም የሚጣደፍ አይመስልም።

የተገዛው በርሜል በዚያች ሌሊት ከቦታው አይነቃነቅም። በአካባቢው ያለ የወይን አሳዳጊ ነጋዴ ተረክቦ በራሱ የምድር ቤት ያስቀምጠዋል፤ እስኪታሸግ ድረስ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይጠብቀዋል፤ ከታሸገ በኋላ የገዢው ስም በጠርሙሱ ወረቀት ላይ ሊጻፍ ይችላል። እንጨቱ ጥቂት ጥቂት እየጠጣ፣ ጥቂቱም ወደ አየር እየተነነ ወይኑ በየሳምንቱ ይጎድላል፤ ጓዳ ጠባቂውም በመብራት ወርዶ፣ የበርሜሉን አፍ ከፍቶ፣ ከዚያው ወይን የተቀመጠውን ጨምሮበት እስከ አፉ ይሞላዋል፤ ከዚያም መወተፊያውን በእንጨት መዶሻ መትቶ ይዘጋዋል።